የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ለምን ያብጣል? እንዴትስ ይቀንሳል?



በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ያለፈ ሁሉ «ቨርቹዋል ማሽን» የሚለውን ስም ሳይሰማው አይቀርም። ስሙ ይሰማ እንጂ፥ ያ ማሽን የሚኖርበት ፋይል ለምን ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ እንደሚሄድ፥ ምንስ ቢደረግ እንደሚቀንስ ብዙ ጓደኞቼ ሲጠያየቁ እሰማለሁ። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ይህን ጉዳይ በተቻለኝ መጠን ለማብራራት ብዕሬን አንሥቻለሁ። ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ወላጆችም እስከ መጨረሻው ቢከተሉኝ፥ ነገሩ ከጎተራና ከአቁማዳ የራቀ አለመሆኑን ያዩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጉዳዩ ለእኛ ለባቲ ተማሪዎች የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። እኔና የክፍል ጓደኞቼ ለልምምድ ያዘጋጀነው ማሽን በውስጡ ሉቡንቱ የተባለው ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት፥ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፥ የአማርኛ መጻፊያና ከየትምህርቱ የሰበሰብናቸው ማስታወሻዎች አሉት። ይህ ሁሉ ተደምሮ 7 ጊጋባይት ያህል ነው። ማሽኑ የተቀመጠበት ፋይል ግን ሲለካ 19 ጊጋባይት ሆኖ ተገኘ። በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ ደግሞ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ነው። እንግዲህ በ19 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት፥ ይህ ማሽን ከባቲ ወጥቶ ወደ ከሚሴ ወይም በገጠር ወዳሉት ጓደኞቻችን ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚል ልዩነት ነው። በኢንተርኔት ልላከው የሚል ቢኖርም እያንዳንዱ ጊጋባይት በብር የሚገዛ መሆኑን ያውቃል።

የ12 ጊጋባይትን ብዛት ለመገመት ይረዳ ዘንድ አንድ ትንሽ ስሌት ላቅርብ። ዛሬ በዓለም በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አሁን የምታነቡት ጽሑፍ በሙሉ ቢቈጠር ከ40 ኪሎባይት አይበልጥም። እንግዲያው በከንቱ ተይዞ የነበረው ቦታ ይህን ጽሑፍ 300 ሺህ ጊዜ ያህል ደጋግሞ ሊይዝ ይችል ነበር ማለት ነው። (ይህን ጽሑፍ 300 ሺህ ጊዜ የሚያነብ ሰው እንደማይገኝ አውቃለሁ።)

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ኀይል የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። እውነተኛውን ኮምፒዩተር «ባለቤት»፥ በውስጡ የሚሠራውን «እንግዳ» ብለን እንጥራቸው። እንግዳው የራሱ ማኅደረ ትውስታ፥ የራሱ ዲስክ፥ የራሱም የኔትወርክ መስመር ያለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የቀረበለት ሁሉ ከባለቤቱ ድርሻ ተቈርሶ የተሰጠው ነው። ባለቤቱ ዊንዶውስ ሲሆን እንግዳው ሊኑክስ ሊሆን ይችላል። ተማሪ እንግዳውን እንደ ፈለገ ቢፈታው፥ ቢገጥመው፥ ቢያበላሸውም ባለቤቱ አይጎዳም። ኮምፒዩተር ጥቂት፥ ተማሪ ብዙ በሆነበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካምብሪጅ፥ ማሳቹሴትስ በነበረው ቢሮው አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች አድርጎ ማካፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም 370 የተባለውን ሥርዓት ለገበያ አቀረበ። ያን ጊዜም ትልቁን ዲስክ ቈርሰው ለየተጠቃሚው ይሰጡ ነበርና ቍራሹን «ሚኒዲስክ» ይሉት ነበር። ነገሩ ወደ ተራው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የወረደው ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ፕሮግራሙን ሲያወጣ ነው። እኛ የምንሠራበት ቨርቹዋል ቦክስ ደግሞ ኢኖቴክ በተባለ የጀርመን ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በነጻ ተሰጠ፤ በ2008 ሰን፥ በ2010 ደግሞ ኦራክል ወረሱት።

እንግዳው ዲስክ መስሎ የሚታየው ነገር በባለቤቱ ዘንድ አንድ ፋይል ብቻ ነው። ይህ ፋይል በሁለት ዓይነት ይሠራል። የመጀመሪያው ቋሚ የሚባለው ነው፤ 40 ጊጋባይት ይሁን ከተባለ ባዶም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 40 ጊጋባይት ይይዛል። ሁለተኛው እያደገ የሚሄድ ነው፤ ለእንግዳው «40 አለህ» ይለዋል እንጂ ፋይሉ ሲፈጠር ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ እንግዳው በጻፈ ቍጥር ያድጋል። የእኛ ማሽን ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ዲስክ ጠባይ እንዲገባን የሰኞውን ገበያችንን እናስብ። ከአፋር ቆላ በግመል የሚመጣውና ከደጋው እህል ይዞ የሚወርደው ሰው በባቲ ገበያ ሲገናኙ እህል የሚጫነው በአቁማዳ ወይም በጆንያ ነው። አሁን አንድ ጉደኛ አቁማዳ አለ እንበል፤ እህል ሲጨመርበት ይለጠጣል፥ እህሉ ሲወጣ ግን እንደ ተለጠጠ ይቀራል። ነጋዴው ከውስጡ ግማሹን ቢሸጥ እንኳ ግመሉ ላይ የሚይዘው ስፍራ ያው ነው። እያደገ የሚሄደው የዲስክ ፋይል እንዲህ ያለ አቁማዳ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ሁለት ጸሓፊዎች ስላሉና ስለማይነጋገሩ ነው። በእንግዳው ውስጥ የፋይል ሥርዓት የሚባል ጸሓፊ አለ። እርሱ በመዝገቡ «ይህ ማስታወሻ በዚህ በዚህ ስፍራ ተቀምጧል» ብሎ ይጽፋል። አንድ ፋይል አጥፋ ሲባል ጎተራው ዘንድ ሄዶ እህሉን አያወጣም፤ በመዝገቡ ላይ ስሙን ሰርዞ «ስፍራው ነጻ ነው፥ ሌላ ሲመጣ ይቀመጥበት» ይላል እንጂ። በባለቤቱ ዘንድ ያለው ሁለተኛው ጸሓፊ፥ ማለት ቨርቹዋል ቦክስ፥ ይህን መዝገብ ማንበብ አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው የራሱን ሰንጠረዥ ነው። ቪዲአይ በተባለው የፋይል ዓይነት ዲስኩ ባለ 1 ሜጋባይት ክፍሎች ተደርጎ ይከፈላል፤ እንግዳው በአንድ ክፍል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፍ በፋይሉ ጫፍ 1 ሜጋባይት ይጨመርና በሰንጠረዡ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ጸሓፊ የሰረዘውን ሁለተኛው አልሰማም፤ ስለዚህ ክፍሉን እንደ ያዘ ይኖራል። ይባስ ብሎ የፋይል ሥርዓቱ አዲስ ነገር ሲጽፍ ሁልጊዜ የድሮውን ባዶ ስፍራ አይመርጥም፤ ብዙ ጊዜ ወዳልተነካው ይዘልቃል። ፋይሉም ያብጣል።

ይህ የስፍራ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ፍላሽ መግዛት መፍትሔ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከስፍራ የሚብስ አንድ ጉዳይ አለበት። ነገሩን በዓይኔ ለማየት ፈልጌ በእንግዳው ማሽን ውስጥ የሌለ ተማሪ ስምና ውጤት ፈጥሬ በአንድ ፋይል ጻፍሁ፤ ቀጥሎም ፋይሉን አጠፋሁ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ። በእንግዳው ውስጥ ሆኖ ለሚፈልገው ሰው ፋይሉ የለም። ከዚያ ማሽኑን ዘግቼ በባለቤቱ በኩል የዲስኩን ፋይል ከዳር እስከ ዳር ያን ስም ፈልግ ብዬ አዘዝሁ። ስሙም ውጤቱም ሳይጎድል ወጣ። እንግዲህ አንድ ሰው ማሽኑን ለጓደኛው ሲያቀብል «አጥፍቼዋለሁ» ያለውን ደብዳቤ፥ የተማሪ ውጤት ወይም የይለፍ ቃል አብሮ ሊያቀብል ይችላል ማለት ነው። መምህራኖቻችን ይህን ነጥብ በተለይ እንዲያስተውሉት እለምናለሁ።

ደግነቱ ለሁለቱም ችግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ዜሮ ይባላል።

ሁለተኛው ጸሓፊ መዝገብ ማንበብ ባያውቅም አንድ ነገር መለየት ያውቃል። አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ዜሮ ከሆነ በውስጡ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ 1 ሜጋባይት ዜሮ ከማስቀመጥ ይልቅ በሰንጠረዡ ላይ «ይህ ባዶ ነው» የሚል አንዲት ምልክት ማድረግ ይበቃል። ስለዚህ ሥራው ሦስት ነው፤ አላስፈላጊውን በእንግዳው ውስጥ ማጥፋት፥ የተሰረዘውን ስፍራ በዜሮ መሸፈን፥ በመጨረሻ ባለቤቱን «ባዶውን አውጣ» ማለት። (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ እዚህ የማሰፍረው አነባበባቸውን ነው፤ አጻጻፋቸውን በካርቶን ላይ ጽፌ በኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።)

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የዲስኩን ፋይል ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አኑሩ። መብራት በድንገት የሚጠፋበት ቀን እንዳለ ለባቲ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ዲስክ በሚታሸግበት ሰዓት መብራት ቢሄድ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ባትሪው በደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ ሥራው በእርሱ ቢሠራ ይመረጣል።

ማጥፋቱ ቀላል ነው። ሊኑክስ ፕሮግራም ሲጭን ያወረዳቸውን ጥቅሎች ያከማቻል፤ «አፕት ክሊን» በሚለው ትእዛዝ ይጸዳሉ። የቆዩ የሥርዓቱ ማዕከላት ማለት ከርነሎች፥ የዕለት ተዕለት መዝገቦች፥ የኢንተርኔት ማሰሻው ያከማቸው ሁሉ ይታያሉ። ስዋፕ የተባለውን የማኅደረ ትውስታ ማገዣ ፋይል ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እርሱ ሲዘጋም እንኳ የቆየ ጽሑፍ በውስጡ ይቀራልና አጥፍቶ በኋላ እንደገና መፍጠር ይሻላል።

ዜሮ የመሸፈኑ ሥራ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው፥ ዜሮ ብቻ የያዘ አንድ ትልቅ ፋይል ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ መጻፍና ወዲያው ማጥፋት ነው። ይህ በየትኛውም ሥርዓት ይሠራል፤ ሆኖም ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ የዲስኩ ፋይል እስከ ሙሉ መጠኑ፥ በእኛ ማሽን እስከ 40 ጊጋባይት ድረስ፥ ሊያብጥ ይችላልና ባለቤቱ ያን ያህል ባዶ ስፍራ ከሌለው አደጋ ነው። ሁለተኛው «ዜሮፍሪ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ኤክስት በተባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ላይ የመጀመሪያውን ጸሓፊ መዝገብ ራሱ ያነብባል፤ ነጻ ከተባሉት ስፍራዎች መካከል ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ መርጦ በዜሮ ይሸፍናል። የማይነካውን ስለማይነካ ፋይሉን አያሳብጥም። እኔ ይህን እመርጣለሁ። የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ዲስኩ በዚያ ሰዓት የሚጻፍበት አለመሆኑን ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን በጥገና ሁኔታ ወይም ከሌላ ማስነሻ ሲዲ ማስነሣት ያስፈልጋል። እንግዳው ዊንዶውስ ከሆነ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው «ኤስዲሊት» የተባለ ፕሮግራም አለ፤ ዜድ የሚለው ምርጫ ሲጨመርበት ባዶውን ስፍራ በዜሮ ይሸፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ «7 ጊጋባይት ከሆነ ፋይሉም ልክ 7 ይሆናል?» ሊል ይችላል። አይሆንም። በ1 ሜጋባይት ክፍል ውስጥ አንዲት ባለ 4 ኪሎባይት ሕያው ቍራጭ እንኳ ብትቀር ያ ክፍል ሙሉውን ይኖራል። እህል ሲሰፈር ቁናው ነቅነቅ ተደርጎ እንደሚጠቀጠቅ፥ ዊንዶውስ ላይ ዜሮ ከመሸፈን በፊት ዲፍራግ የተባለውን ሥራ ሠርቶ የተበታተነውን መሰብሰብ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ከዚያ ማሽኑ ይዘጋና በባለቤቱ በኩል «ቪቦክስማኔጅ» በሚለው ፕሮግራም «ሞዲፋይ ሚድየም፥ ኮምፓክት» የሚለው ትእዛዝ ይሰጣል። በእኛ ማሽን 19 ጊጋባይት የነበረው ፋይል 7 ነጥብ 1 ሆኖ ወጣ። ያን የተፈጠረውን ስም እንደገና ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤ አልተገኘም።

ኬሙ በተባለው፥ ፋብሪስ ቤላር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ፕሮግራም የሚሠራ ሰው መንገዱ ትንሽ ይለያል። ኪውካው 2 የተባለው የፋይል ዓይነት እዚያው በስፍራው ከመታሸግ ይልቅ «ኮንቨርት» በሚለው ትእዛዝ ወደ አዲስ ፋይል ይገለበጣል፤ ዜሮ የሆነው ሳይገለበጥ ይቀራል። አዲሱ ፋይል እስኪያልቅ አሮጌው ሳይነካ ስለሚቈይ ለመብራት መጥፋት ይህ መንገድ ያነሰ ያስፈራል።

ዛሬ ደግሞ ሁለቱን ጸሓፊዎች የሚያነጋግር ዘዴ መጥቷል። እንግዳው አንድ ስፍራ ነጻ ሲወጣ ለዲስኩ «ይህን ጣለው» ብሎ ይነግራል፤ ትሪም ይባላል፤ በመጀመሪያ የተፈለገው ለኤስኤስዲ ዲስኮች ነበር። በቨርቹዋል ቦክስም በኬሙም የዲስኩ ቅንብር ይህን መልእክት እንዲቀበል ሊደረግ ይችላል። ያን ጊዜ በእንግዳው ውስጥ «ኤፍኤስትሪም» ማለት ብቻ ይበቃል። አዲስ ማሽን የምታዘጋጁ ከሆነ ከመጀመሪያው እንዲህ አድርጋችሁ ብትሠሩት ድካማችሁ ይቀላል።

እስካሁን የተናገርሁት ፋይሉን ስለ ማቅለል ነው፤ የዲስኩን ልክ ከ40 ወደ 15 ጊጋባይት ዝቅ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። በመጀመሪያው እንግዳው ምንም የተለወጠ ነገር አያይም፤ ዛሬም «40 አለኝ» ይላል። በሁለተኛው ግን የእንግዳው መሬት ራሱ ይቈረሳል፤ ቅደም ተከተሉም ሕይወት ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ይኬዳል፤ በመጀመሪያ የፋይል ሥርዓቱ ይጠባል፥ ቀጥሎ ፓርቲሽኑ፥ በመጨረሻ ዲስኩ። ይህን ገልብጦ ከውጭ የጀመረ ሰው ዕቃውን ሳያስጠጋ ግድግዳውን ያፈረሰ ያህል ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ የነበረው ይጠፋል። ዲስኩ ለማስፋት ሲሆን ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ከውጭ ይጀመርና ወደ ውስጥ ይገባል።

የሊኑክሱ ኤክስት 4 ማሽኑ ቆሞ፥ ዲስኩ ሳይያዝ ይጠባል፤ ጂፓርትድ የተባለው ፕሮግራም የፋይል ሥርዓቱንና ፓርቲሽኑን አንድ ላይ ያስተካክላል። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ከራሱ ከዊንዶውስ ውስጥ ይጠባል። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ግን መስፋት እንጂ መጥበብ አልተዘጋጀለትም፤ በዚያ ላይ የጫነ ሰው ትንሽ ዲስክ ፈጥሮ ፋይሎቹን መገልበጥ አለበት። ቨርቹዋል ቦክስ ራሱም ዲስክን ያሰፋል እንጂ አያጠብም፤ ስለዚህ እዚያም አዲስ ትንሽ ዲስክ ፈጥሮ መገልበጥ ግድ ነው። ኬሙ ግን «ሽሪንክ» የሚለውን ቃል አስጨምሮ ይቈርጣል፤ ቃሉን በግልጽ እንድንጽፍ ማስገደዱ ለማስጠንቀቅ ነው። ጂፒቲ በተባለው አከፋፈል ደግሞ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ መጠባበቂያ ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፥ ጫፉ ሲቈረጥ ያ ቅጂ አብሮ ይሄዳል፤ ከቈረጣው በኋላ በአዲሱ ጫፍ እንደገና መጻፍ አለበት።

ሁለት እንቅፋቶችንም ልጥቀስ። ስናፕሾት የተባለውን የጊዜ ምስል ያነሣ ሰው ዲስኩ በአንድ ፋይል ሳይሆን በተደራረቡ ብዙ ፋይሎች የተቀመጠ ነው፤ የማይፈለጉትን አስቀድሞ አዋሕዶ ካልጨረሰ መሠረቱን አይንካ። እንግዳው ዲስኩን በምስጢር ቍልፍ የቈለፈው ከሆነም ዜሮው ራሱ ተመስጥሮ ስለሚጻፍ ለባለቤቱ ዜሮ መስሎ አይታይም፤ ማሸጉም ፍሬ አይሰጥም።

የቀረው የጉዞው ነገር ነው። ብዙዎቹ ፍላሾች ሲገዙ ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጁ ናቸው፤ ይህም አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ አይቀበልም። ፍላሹ 16 ጊጋባይት ቢሆንም እንኳ 7 ጊጋባይቱን ፋይል ሳይቀበል ይመልሰዋል። ፍላሹን ኤክስፋት አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሲዘጋጅ ግን በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድማችሁ አውጡ። እኔ የሄድሁት በሌላ መንገድ ነው። ቨርቹዋል ቦክስ ማሽኑን ኦቪኤ ወደ ተባለ ጥቅል ሲያወጣ ዲስኩን ይጨምቀዋል፤ የእኛው 3 ነጥብ 3 ጊጋባይት ሆነ፤ በተራው ፍላሽም ገባ። ዜሮ ሳይሸፈን ቢጠቀለል ኖሮ ጥቅሉ የሞተውንም ጽሑፍ አብሮ ይጨምቅ ነበር።

ጥቅሉን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተን ማሽኑ ተነሥቶ፥ ፓይተኑ ሠርቶ፥ ማስታወሻዎቹም ተከፍተው እስክናይ ድረስ አሮጌውን ባለ 19 ጊጋባይት ፋይል አላጠፋነውም። አሁን ማሽኑን የሚፈልግ ሁሉ፥ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣም ቢሆን፥ 4 ጊጋባይት ባዶ ስፍራ ያለው ፍላሽ ይዞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ይምጣ። መገልበጡ እንደ ፍላሹ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።